ብርድ የማይሰማው ወንድሜ

 

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከወደ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ ነው። ፖስታውን ስከፍተው መቼም የለመድኩት ዓይነት መስሎኝ ነበር፤ «ፍቅረኛዬ ከዳኝ»፣ «ቤተሰቦቹ አልወደዱኝም» ምናምን... አልነበረም። አንብቤ ስጨርስ የያዝኩት ቡና ቀዝቅዞ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ሌሎቹ ደብዳቤዎች ይቆዩኝና ቦታውን በሙሉ ለዚህች እህታችን ልስጣት። እንዲህ ትላለች፦

«ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ የ23 ዓመት ወጣት ስሆን በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። የምጽፍልዎት ግን ስለ ታላቅ ወንድሜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳለ ታመመ። ሰው ሳይኖር ድምፅ ይሰማው ጀመር፣ “ሊገድሉኝ ነው” እያለ በሌሊት ከቤት ይወጣ ነበር። ሆስፒታል ወስደነው መድኃኒት ተጀመረለትና እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ሆነ። እንዲያውም የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ ማስጠናት ጀምሮ ነበር።

«ከዚያ መድኃኒቱ አለቀ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ሁለት ወር ያህል ሳይወስድ ቆየና በሽታው ተመለሰበት። ኅዳር ላይ ኪኒኑ ሲገኝ እናቴ ድሮ ይወስድ የነበረውን ያህል በአንዴ ጀመረችለት። ጎን ለጎን ደግሞ ሌሊት በ11 ሰዓት እየተነሣን ጠበል እንወስደው ነበር። በአራተኛው ቀን ከጠበል መልስ ደጃፋችን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ነጠላው እንደረጠበ ነው። ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል፣ እኔ ጋቢ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ እሱ ግን አይንቀጠቀጥም። “አያ፣ አይበርድህም?” አልኩት። ጥያቄው እስኪገባው ቆየና “አይ” አለኝ። ምላሱ እንደ ሰካራም ይጎተታል። እናቴ ግን ደስ አላት። “ልጄ ተረጋጋልኝ! መድኃኒቱም ጠበሉም ያዘለት!” ብላ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። አንዲት ጎረቤታችን ደግሞ “ለብርዱ” ብለው አረቄ ቀዱለት።

«እኔ አላማረኝምና ክሊኒክ ወሰድኩት። ሙቀቱን ለኩና “35 ነው፣ ትኩሳት የለውም፣ ይተኛ” ብለው መለሱን። ቤት ገብተን ሆዱን ስነካው የጓዳ እንስራ የነካሁ መሰለኝ። በባጃጅ ሆስፒታል አደረስኩት። እዚያ በሌላ መለኪያ ሲለካ 33 ነጥብ 2 ሆነ። ሁለት ቀን ተኝቶ ወጣ። አሁን ደህና ነው፤ ቤታችን ግን ለሁለት ተከፍሏል። እናቴ “ልጄን ሊገድለው የነበረው ኪኒኑ ነው፣ ከእንግዲህ አይውጥም” ትላለች። አጎቴ ደግሞ “ጥፋቱ የጠበሉ ቅዝቃዜ ነው” ይላል። ከተነጋገሩ ሁለት ሳምንት ሆናቸው። እኔ ደግሞ ጥር ላይ ሠርጌ ነው። እጮኛዬ የሚሠራው አዲስ አበባ ስለሆነ ወደዚያው መሄዴ ነው። ማን ነው ትክክል? ኪኒኑን እንጣለው? እኔስ ልሂድ ወይስ ልቅር?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ደረጃ እጅሽ ይባረክ። ሆዱን የነካሽበት እጅ ማለቴ ነው። ወንድምሽን ያተረፈው እሱ ነው።

እኔ ራሴ የዚያ አገር ልጅ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በስተሰሜን ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራ አለላት። የኅዳርና የታኅሣሥ ሰማይ ጥርት ብሎ ያደረ ሌሊት ምን እንደሚያደርግ፣ ቦሌ ላይ «ብርዱ ገደለን» እያላችሁ ጃኬት የምትደራርቡ ልጆች ብዙም አታውቁትም (አትቀየሙኝ)።

ልጅ ሳለሁ በእኛ ሰፈር አንድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ነበር። ክረምት ከበጋ ግማሽ ራቁቱን ነው የሚሄደው። እኛ ልጆቹ «እብድ ብርድ አይነካውም» እንባባል ነበር፤ ትልልቆቹም እንደዚያው። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ሞቶ ተገኘ። «ቀኑ ደርሶ ነው» ተባለና ተቀበረ። ያ ሰው በዕድሜው ኪኒን የሚባል አይቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የሱና የወንድምሽ ነገር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን ደብዳቤሽን ሳነብ ፊቴ ላይ ድቅን ያለው እሱ ነው። ያ አባባል ዛሬም ሰውን ያዘናጋል። ብርድ የማይሰማው ሰው ብርድ አይገድለውም ያለው ማን ነው?

አሁን ወደ ኪኒኑ እንምጣ። አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ወዳጄን ይዤ ሁለት ሰዓት አስቀምጬዋለሁ፣ የተረዳሁትን በእኛው ቋንቋ ልንገራችሁ።

አእምሯችን ውስጥ፣ ከሥር በኩል፣ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። የሰውነታችንን ሙቀት 37 ዲግሪ አካባቢ አድርጎ የሚጠብቀው እሱ ነው። ብርድ ሲመጣ ሦስት ነገር ያደርጋል። ቆዳችን ላይ ያሉትን የደም ሥሮች ያጠብባቸዋል፣ ሙቀት እንዳይወጣ በር እንደመዝጋት ማለት ነው። ጡንቻችንን ያንቀጠቅጠዋል፣ ይህ ደግሞ እሳት ማንደድ ነው። ሦስተኛው «ተነሥ፣ ጋቢህን አምጣ» የሚል ሐሳብ ይልክብናል። ድምፅ ለሚሰማቸውና ጥርጣሬ ለሚያሠቃያቸው ሕሙማን የሚሰጡት መድኃኒቶች፣ ማለትም ክሎርፕሮማዚን፣ ሃሎፔሪዶል፣ ሪስፔሪዶን፣ ኦላንዛፒንና ዘመዶቻቸው፣ ዋና ሥራቸው አእምሮ ውስጥ ያለውን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር መልእክት መግታት ነው። ድምፁ ዝም የሚለው በዚያ ነው። ዳሩ ግን ያው ዶፓሚን ሃይፖታላመስ ውስጥም ሥራ አለው። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ የቆዳን የደም ሥር ያላላሉ። እናላችሁ በሩ ይከፈታል፣ እሳቱ ይደክማል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ስለሚለው ደግሞ ጋቢውም አይታወሰውም። ሰውየው እንደ ድንጋይ ይሆናል፦ ፀሐይ ሲመታው ይግላል፣ ውርጭ ሲወርድበት ይበርዳል።

አታጋንን እንዳትሉኝ፣ ይህ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር አይደለም። መድኃኒቱን ከሚወስዱት መካከል እንዲህ የሚሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ግን የሚደርስበት ጊዜ አለው። ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ነው። እንግዲህ የወንድምሽን አራተኛ ቀን አስቢው።

ደግሞ ስሙኝማ፣ የሚገርመው የታሪኩ መነሻ ነው። ይህ ብርድ «የጎንዮሽ ጉዳት» እየተባለ ከመጻፉ በፊት ዋናው የተፈለገው ነገር ነበር! ክሎርፕሮማዚን የተሠራው ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ ነው። አንሪ ላቦሪ የሚባል የባሕር ኃይል ቀዶ ሐኪም ነበር፤ ሕሙማን በቀዶ ሕክምና ድንጋጤ እንዳይሞቱበት ሰውነታቸውን አቀዝቅዞ፣ ልክ ድብ ክረምቱን ተኝቶ እንደሚያሳልፈው፣ ሰው ሠራሽ እንቅልፍ ውስጥ ሊያስገባቸው ይሞክር ነበር። በረዶው ብቻውን አስቸገረው፤ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ እምቢ ይላል። ያንን እምቢታ የሚሰብርለት መድኃኒት ነበር የፈለገው፣ ክሎርፕሮማዚንም ሰበረለት። በዚያው መድኃኒቱን የወሰዱት ሰዎች ሳይተኙ ረጋ፣ ግድ የለሽ እንደሚሉ አየና ለሥነ አእምሮ ሐኪሞች ነገራቸው። በ1952 ፓሪስ፣ ሴንት አን ሆስፒታል ውስጥ ዣን ደሌና ፒየር ደኒከር ለአእምሮ ሕሙማን ሰጡት። ከዚያ በኋላ ያለውን ዓለም ያውቀዋል። በሰንሰለት ይታሠር የነበረ ስንቱ ሰው ቤቱ ገባ! እኛም አገር «ላርጋክቲል» እየተባለ በየሆስፒታሉ ሲሠራበት ኖሯል።

እናም እህቴ፣ እናትሽም አልተሳሳቱም፣ አጎትሽም አልተሳሳቱም። ኪኒኑ በሩን ከፈተው፣ ቀዝቃዛው ውኃና ውርጩ በተከፈተው በር ገቡ። ሁለቱም ያላዩት ግን ሦስተኛ ነገር አለ። ሁለት ወር ሳይወስድ የቆየ ሰው ድሮ የለመደውን መጠን በአንድ ቀን አይጀምርም! ሰውነቱ ለምዶት የነበረውን ረስቶታል። በሐኪም ትእዛዝ ከትንሽ ተነሥቶ ቀስ እየተባለ ነው የሚጨመረው። በእናትሽ አልፈርድም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ግጭት ውስጥ ኪኒን ፍለጋ መንከራተት ምን እንደሆነ ዘመዶቼ ነግረውኛል፤ ያን ሁሉ ተንከራታ መድኃኒቱን ያገኘች እናት «ቀስ በይ» የሚላት ከሌለ ምን ታድርግ? ብቻ ወደፊት ካለቀበት፣ ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ በስልክም ቢሆን ይነገረው።

አረቄውስ? የጎጃም አረቄ ምን እንደሆነ ለኔ አይነገረኝም። ሲወርድ ደረትን ያሞቃል፣ እውነት ነው። የሚያሞቀው ግን የውስጡን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ እየበተነ ነው። በዚያ ላይ ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ሲደመር እንቅልፍን ያከብዳል። ጎረቤታችሁ በቅን ልቦና ነው ያደረጉት፣ ግን ሁለተኛ እንዳይለመድ።

ኪኒኑን እንጣለው ወይ ላልሽው፣ አትጣሉት! መድኃኒቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚመጣ በሁለቱ ወር ውስጥ አይታችሁታል። የሆነውን ሁሉ፣ ያቺን 33 ነጥብ 2 ጭምር፣ መድኃኒቱን ለሚያዝለት ሐኪም ንገሩት። መጠኑን ሊቀንስ ይችላል፣ በሌላ ዓይነት ሊለውጠው ይችላል። ያ የሱ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ የእንቅርትም ነገር ይታይለት። በጎጃም ደጋ እንቅርት የታወቀ ነው፤ እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ ባይሆንም የታይሮይድ ዕጢው ሥራ የደከመበት ሰው ሰውነቱ ድሮውኑ ሙቀት ማመንጨት ያቅተዋል። የደም ምርመራ ይለየዋል።

ጠበሉንም ተዉ አልልም፣ እኔ ማን ነኝና። ጠበልና መድኃኒት ጠላት ናቸው የሚለው ነገር ግን ቤተ ክህነት ራሷ የመለሰችው ጥያቄ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ መወሰድ እንደሚችል ለምእመናን በግልጽ ተናግረዋል። የወንድምሽ ችግር ሰዓቱ ነው። መድኃኒቱ በተጀመረበትና በተጨመረበት ሰሞን ለመጠጣት ይበቃዋል፤ መጠመቅ ካለበትም ፀሐይ ከወጣ፣ አገሩ ከሞቀ በኋላ ይሁን። ወዲያው በደረቅ ፎጣ ይድረቅ፣ ደረቅ ልብስ ይልበስ። አጥማቂውን አባት አስረድቷቸው፤ ይገባቸዋል።

ስለዚያ ክሊኒክም አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነው፣ እኔም አላውቅም ነበር። የተለመደው የመስተዋት ቴርሞሜትር ቁጥሩ የሚጀምረው ከ35 ነው። ከዚያ በታች የሚጻፍበት ቦታ የለውም! ስለዚህ «35 ነው» ማለት «35 ወይም ከዚያ በታች ነው፣ ምን ያህል በታች እንደሆነ አላየሁም» ማለት ነው። ሐኪሞች ሰውነት ከ35 በታች ሲወርድ አደጋ ነው ይላሉ። 32 አካባቢና ከዚያ በታች ሲደርስ ጤነኛ ሰው እንኳ መንቀጥቀጡን ያቆማል፤ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ሊያቆም ይችላል። ዲጂታሉ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 32 ያነባል፣ እሱም ካቃተው «ሎ» የሚል ጽሑፍ ያወጣል፤ «ተበላሸ» ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ ሰውየውን ይዛችሁ ሩጡ።

መለኪያ በሌለበት እጅ አለ። እጅና እግርማ የማንም ይበርዳል። ሆድና ብብት ከበረደ ግን ነገር አለ። ሆዱ የበረደ፣ የሚያንቀላፋ፣ ምላሱ የሚጎተት፣ ግራ የተጋባ፣ እየተደናቀፈ የሚሄድ ሰው «ተረጋጋ» አይባልም። ይኼን ጉዳይ ተንኮለኛ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ቤተሰብ ለወራት የጸለየው ዝምታና ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ያለ ሰው ዝምታ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ።

ሆስፒታል እስኪደረስ ምን ይደረግ? እርጥብ ልብሱ ይውለቅ። በደረቅ ጋቢና ብርድ ልብስ ጭንቅላቱ ሳይቀር ይጠቅለል። ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ደረቱና ብብቱ ሥር ይደረግ፣ እጅና እግሩ ይቆይ። ወንድም ወይ እናት አብሮት ጋቢ ውስጥ ገብቶ ቢያቅፈው ከብዙ ነገር ይበልጣል። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠጣ፤ ካንቀላፋ ግን ምንም በአፉ አይግባ። እግሩን አትሹት፣ አታንገላቱት፤ የበረደ ልብ በትንሽ መንገላታት ምቱ ይዛባል። ከእሳት ዳር አታስጠጉት፣ ሳይታወቀው ቆዳው ይቃጠላል። ከሰል አቀጣጥሎ በር መዝጋትማ... ስንቱን ቤት ባዶ እንዳደረገ እናንተው ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ሐኪም ወዳጄ አደራ ብሎኛል። ቡታጅራና አካባቢዋ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል። 121ዱ ሞተዋል። ከሟቾቹ ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው፤ ከሌላው ሰው ጋር ሲተያዩ ወደ 30 ዓመት ቀድመው ነው ያለፉት። ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ድህነትም ቸልታም አለበት፤ በኪኒኑ የመጣ ነው እያልኩ አይደለም። ግን እኛ ሰው መታመሙን የምናውቀው በትኩሳቱ አይደል? እነዚህን መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው የሳንባ ምች ይዞት እንኳ ትኩሳቱ ላይታይ ይችላል፤ እንዲያውም ኢንፌክሽኑ ራሱ ሙቀቱን የሚያወርድበት ጊዜ አለ። «ትኩሳት የለውም፣ ይተኛ» የምትለዋ ቃል ያስፈራችኝ ለዚህ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ሰውነቱ እንደ እሳት ቢግልና ጡንቻው ቢገትር እሱም ሌላ አደገኛ የመድኃኒቱ ጣጣ ስለሆነ ለነገ አይባልም። ለሠርጉ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነም የዓባይን በረሃ በቀትር ሲሻገር ሹራቡን ያውልቅ፣ ውኃ ይያዝ። ጎሐ ፅዮን ሲወጣ ይልበሰው።

እንግዲህ ወደ መጨረሻው ጥያቄሽ። ልሂድ ወይስ ልቅር?

ሂጂ። ይህን የምለው ቀልሎኝ አይደለም። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ እናትሽ ምን እንዳሉ አለ፣ አጎትሽ ምን እንዳሉ አለ፣ የጎረቤታችሁም አለ። ወንድምሽ ምን እንደሚል ግን የለም። ከ«አይ» በቀር አንድ ቃል አልተናገረም። ይህ ልጅ እኮ ሒሳብ የሚያስጠና ልጅ ነው! አሁን ደህና ከሆነ ቁጭ ብላችሁ አነጋግሩት። ዲጂታል ቴርሞሜትርና አንድ ደብተር ግዢለት። ጠዋት ሲነሣና ማታ ከመተኛቱ በፊት ራሱ ይለካ፣ ቀንና ሰዓት እየጻፈ ራሱ ይመዝግብ፤ ከ36 በታች ሲሆን ለእናቱ ይንገር፣ ከ35 በታች ሲሆን ሆስፒታል ይሂዱ። የብብት ቁጥር ከአፍ ትንሽ ዝቅ እንደሚል ይወቅ። እናትሽ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ሆዱ ላይ ያድርጉ፣ ምክንያቱም በርዶት ግራ የተጋባ ሰው መለኪያውን ላያስታውስ ይችላል። መድኃኒቱ በተለወጠ ሰሞን አጎትሽ እናንተ ቤት ይደሩ፤ ከእናትሽ ጋር ለመታረቅም ምክንያት ይሆናቸዋል። ለእጮኛሽ ይህን ሁሉ እስካሁን ካልነገርሽው ዛሬውኑ ንገሪው። የወንድምሽን ሕመም የሚደብቅ ሠርግ አያስፈልግሽም።

ሚዜ የሚሆን ከሆነ ደግሞ የጥር ማታ ዳስ ውስጥ በስስ ሸሚዝና ኮት ብቻ እንዳያመሽ፤ ከሥሩ ሹራብ ይልበስ፣ ፎቶው ላይ አይታይም። ብርጭቆውንም ለስላሳ ሙሉለት። ደብተሩ ምን እንዳሳየ ጻፊልኝ።

የሳምንት ሰው ይበለን!